ክረምት ነው ብላችሁ ልጆቹን ቤት አታስቀሩ

ሐምሌ ላይ ከሜሪላንድ ስንገባ ዘመድ ሁሉ አንድ ነገር ነበር የሚለን። "በዚህ ጭቃ ልጆቹን ወዴት ትወስጃቸዋለሽ? መስከረም ይጥባና ትሄዳላችሁ።" መስከረም ሲጠባ ግን ልጆቼ ክፍል ውስጥ ናቸው። የእነሱ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰኔ ላይ ነው፤ ነሐሴ ሳያልቅ ይከፈታል። ውጭ ለምንኖር ብዙዎቻችን አገር ቤት ማለት ክረምት ነው። ስለዚህ እማዬን ይዘን በዝናቡ ወጣን። ደርሰን የምንመለስባቸው ሦስት የእርሻ ቦታዎች አየን። የተጠቀምንበትን አገልግሎት እንዳየሁት ልንገራችሁ።

መኪናው ላይ ብዙ አልቆይም። ሚኒባስ ከነሹፌሩ በኮንትራት ያዝን። ከመነሳታችን በፊት ነዳጁ፣ የፈጣን መንገዱ ክፍያና የሹፌሩ ምሳ በማን እንደሆነ ቁርጥ አድርገን ተነጋገርን። ይህን አድርጉ፤ ማታ ላይ ክርክር የለም። የልጅ ወንበር ከዚያው ይዛችሁ ኑ። የኋላ ቀበቶውም መሥራቱን ራሳችሁ ሞክሩት።

ከሁሉም የበለጠብን አዳ ነው። አዳ በቢሾፍቱ ከተማ ዙሪያ ያለ ወረዳ ነው፤ ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብዙ ሰው የሚያውቃት በሐይቆቿ ነው። እኛ ሐይቁን ትተን ሹፌራችን ወደሚያውቃቸው ገበሬ ማሳ ሄድን። አገሩ የማኛ ጤፍ አገር ነው። ዛሬ በየቦታው የሚዘራው "ቁንጮ" የተባለው የጤፍ ዝርያም በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው እዚሁ ካለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው።

የሐምሌ መጨረሻ ስለነበር የዘር ሰሞን ነው። ስንደርስ ከብቶቹ ማሳው ውስጥ ገብተው ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳሉ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ "ጋሼ፣ ለምንድነው የሚረግጡት?" አለቻቸው። ሹፌራችን በኦሮምኛ ነገራቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ጥቁሩን አፈር በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። መሬቱ ልል ከሆነ ዘሩ ይሰምጣል፣ ከሰመጠ አይወጣም አሏት። ከዚያ መዳፏ ላይ አንድ ቁንጥር ጤፍ አደረጉላት።

እንጀራ ስትበላ ያደገች ልጅ የጤፍ ፍሬ አይታ አታውቅም ነበር። የአንዲት ስንዴ ፍሬ ክብደት ለማግኘት 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል ይባላል። ልትቆጥረው ሞከረች። እጇ በዝናቡ ርሶ ስለነበር ፍሬዎቹ የመዳፏ መስመሮች ውስጥ ገብተው ተጣበቁ። ገበሬው ክንዳቸውን እየዘረጉ ዘሩን ሲበትኑ ትንሹ ልጄ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ባዶ እጁን ይበትናል። እማዬ ማሳው ዳር ቆማ "ይባርክ፣ ይባርክ" ትላለች። አባቷ ገበሬ ነበሩ። ዘር ሲዘራ ካየች ከ40 ዓመት በላይ ሆኗታል።

ቤታቸው ቡና ተፈላልን፣ ቆሎ ቀረበ። መጸዳጃው የጉድጓድ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። ሒሳቡን ስጠይቅ "እንደ ፈቃዳችሁ" አሉኝ። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱ። በዘር ሰሞን የገበሬ ግማሽ ቀን ትልቅ ነገር ነው። ከአንድ የከተማ አስጎብኚ ክፍያ አሳንሳችሁ አትስጡ። ለሁሉም ቦቲ ጫማ ግዙ፤ ያ ጥቁር አፈር ስኒከር አይምርም።

ሁለተኛው ቦታ አሳዘነኝ። ስሙን አልጠቅስም። በቴሌግራም "የቤተሰብ የእርሻ ጉብኝት" ብለው ነበር ያስተዋወቁት። በር ላይ በነፍስ ወከፍ አስከፈሉን። ውስጡ ካፌ፣ ዥዋዥዌና ፎቶ መነሻ ነው። አትክልቱ በሽቦ ታጥሮ ከሩቅ ይታያል። የሚያስረዳ ሰው ስንጠይቅ "ዛሬ የለም" አሉን። ማኪያቶው ጥሩ ነበር፤ ግን ልጆቼን እርሻ ላሳይ ነው የሄድኩት። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና "በዚህ ሳምንት ምን ሥራ አለ? ማን ያሳየናል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው ይቅርባችሁ።

ሦስተኛው በአምቦ መንገድ ሆለታ አካባቢ ያለ ትንሽ የወተት እርባታ ነው። ነሐሴ 3 ነበር፣ ፍልሰታ ገብቷል። እማዬ ወተቱን አትቀምስም፤ ቢሆንም ላሞቹን አንድ በአንድ እየዳበሰች ዞረች። የእርባታው ባለቤት ወጣት ሴት ናት። ፉርሽካውንና ፋጉሎውን እያስነካች የትኛው ለምን እንደሚሰጥ ለልጆቹ አስረዳቻቸው። ጥጃ እንዲያጠጡ ፈቀደችላቸው። እኔ ሳልጠይቃት ወተቱን ፊታችን አፍልታ ነው የሰጠቻቸው። ለዚህች ሴት ልዩ ምስጋና አለኝ። ክፍያውን በስልክ፣ በቴሌብር ነው የምትቀበለው፤ እኔ ስላልነበረኝ እህቴ ከከተማ ላከችልኝ። እንደኔ ቴሌብር ከሌላችሁ የሚልክላችሁ ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሩቅ መሄድ ካልቻላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የሚቆመው የእሁድ ገበያ አለ። በጠዋት ነው መሄድ። ድንች፣ ጥቅል ጎመንና ቃሪያ ገዛን፤ ልጆቹ እየመረጡ ዘንቢሉን ሞሉት። ረፋድ ላይ ሰልፉ ይበዛል፣ ጥሩ ጥሩው ያልቃል።

ከተመለስን በኋላ በጥቅምት ሹፌራችን ሳይጠየቅ የአዳውን ማሳ ፎቶ ላከልን። ጤፉ አሽቷል፣ ነፋስ ወደ አንድ ጎን አስተኝቶታል። ልጄ ፎቶውን ክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ትንሹ ደግሞ "የእኔ የቱ ጋ ነው?" እያለ ይጠይቃታል።