ባሕር ዳር ሴት ልጁን ካራቴ ማስገባት ለሚፈልግ

ስለ ልጄ ማሰልጠኛ የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እዚሁ ልጻፈው። ቦታው ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። የምወቅሰው ነገር ስላለ ስሙን እዚህ አላወጣም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ማስተሩ ጎበዝ ነው። ሴቶቹን «አይዟችሁ፣ ይበቃል» እያለ አያሳልፋቸውም፣ ወንዶቹ የሚሠሩትን ሁሉ ያሠራቸዋል። አንድ ቀን ካታ፣ ማለትም ያለ ተጋጣሚ በቅደም ተከተል የሚሠራውን እንቅስቃሴ፣ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አየሁ። አንዷ ልጅ ስትዞር የኋላ ተረከዟ ብድግ አለ። ወዲያው አስቆማትና ቁጢጥ ብሎ ተረከዟን በእጁ መሬት ላይ አስቀመጠላት፤ ከዚያ ያችኑ አዟዟር እስክታስተካክል ድረስ ደጋግሞ አሠራት፣ ሌሎቹም ቆመው ጠበቋት። ለካታ ከሆነ ዓይናችሁን ሳታሹ አስመዝግቡ።

«ልጄ 14 ዓመት ሞላት፣ አልረፈደም ወይ?» ላላችሁኝ፦ ስፔናዊቷ ሳንድራ ሳንቼዝ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በካታ ወርቅ ስትወስድ 39 ዓመቷ ነበር። ተረጋጉ።

ቅሬታዬ ኩሚቴው ላይ፣ ማለትም ሁለት ሰው ፊት ለፊት የሚጋጠምበት ላይ ነው። እዚህ ልጆቹ ይጋጠማሉ እንጂ ነጥብ አይቆጠርላቸውም። በዓለም አቀፍ ሕግ ቡጢ 1 ነጥብ ነው፣ ሆድና ደረት ላይ ያረፈ ካልቾ 2፣ ጭንቅላት ላይ የደረሰ ካልቾ 3፣ ተጋጣሚዋን መሬት ላይ ከጣለቻት በኋላ በሚቆጠር ምት ከመታቻትም 3። በ8 ነጥብ የመራች ደግሞ ሰዓቱ ሳያልቅ አሸነፈች ማለት ነው። ግብፃዊቷ ፌርያል አብደልአዚዝ እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ቶኪዮ ላይ የአዘርባጃኗን ኢሪና ዛሬትስካን በፍጻሜ የረታችው 2 ለ 0 ነው፤ ለግብፅ ሴቶችም የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ሆነ። ሁለት ነጥብ ብቻ! እንዲህ በሚወሰን ጨዋታ ውስጥ የትኛው ምት እንደሚቆጠር ሳታውቅ ያደገች ልጅ፣ ጉልበቷ ምን ቢሆን፣ ዳኛ ፊት ስትቆም ግራ መጋባቷ አይቀርም። ይህን ለማስተማር አንድ ሰሌዳና አንድ ጠመኔ ይበቃ ነበር።

መከላከያውም ያሳስበኛል። ጓንቱ በተራ ነው የሚደረገው፣ የሴቶች የደረት መከላከያ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ውድድር ላይ ግን ግዴታ ነው። ለሴቶች የተለየ ልብስ መቀየሪያም ስለሌለ ልጄ ካራቴ ልብሷን ከቤት ለብሳ በባጃጅ ትሄዳለች።

ክፍያው ኪስ አይጎዳም። የቀበቶ ፈተና ግን ለብቻው ይከፈላል፣ ስትመዘገቡ ጠይቁ።

ሌላው የወደድኩት፣ ማስተሩ ልጆቹን በባዶ ተስፋ አይሞላቸውም። ካራቴ ከፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ መውጣቱን፣ ለካራቴ ሴት አሁን ትልቁ መድረክ የዓለም ሻምፒዮና መሆኑን በግልጽ ይነግራቸዋል። እንዲህ እውነቱን የሚናገር አሰልጣኝ ስላገኘን ነው ልጄን ያላስወጣኋት። የደረት መከላከያውን ወላጆች አዋጥተን እንግዛ ብዬ አንስቻለሁ፤ ልጅ ያላችሁ እዚያ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እናናግረው።