የአባዬ ሸክላዎችና የማጠቢያው ገንዳ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

አባዬ ሲያርፍ ሁለት ካርቶን ሙሉ የሙዚቃ ሸክላ ትቶልኛል። አብዛኞቹ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት) ትንንሾቹ ናቸው። ከአሳታሚዎቹ የአምሃ አሉ፣ የካይፋ አሉ፣ የፊሊፕስም አሉ። ለሃያ ዓመት ያህል ሳሎን ውስጥ ቡፌው ሥር ተቀምጠው ነበር። በዚያ ሳሎን ቡና ሳይፈላ፣ ዕጣን ሳይጨስ የዋለበት ቀን የለም። የመጀመሪያዋን አውጥቼ ሳጫውት ከዘፋኙ ይልቅ የሚሰማኝ ምጣድ ላይ እንዳለ ፈንዲሻ የሚንጣጣ ድምፅ ነበር። አለቀላቸው ብዬ አዘንኩ።

እህቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ በእጅ የሚሠራ የሸክላ ማጠቢያ ይዛልኝ መጣች። 80 ዶላር ገደማ ነው የገዛችው። መብራት አይፈልግም፣ ለእኛ ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጠበብ ያለ የፕላስቲክ ገንዳ ሲሆን ውስጡ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ብሩሾች አሉት። ሸክላው በመሃላቸው ቆሞ ይገባል። ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ታዞሩታላችሁ፣ ሁለቱም ፊት በአንዴ ይታጠባል። እስካሁን፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ፣ 150 የሚሆኑ ሸክላዎች አጥቤበታለሁ።

የመጀመሪያ ቀን 15 ሸክላ ካጠብኩ በኋላ ውሃው ቀጭን ሻይ መሰለ። ከሥሩ ግራጫ ደለል ተኝቷል። ጠጋ ብዬ ሳሸተው ዕጣን ዕጣን ይላል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። የሸክላ መስመር ማለት በጣም ጠባብ ቦይ ነው፣ ድምፁ የተቀረጸው በቦዩ ግድግዳዎች ላይ ነው። ዕጣን ደግሞ ሙጫ ነው። ጭሱ ሸክላው ላይ ሲያርፍ አቧራውን አጣብቆ ይይዘዋል። እኛ ልጆች ሆነን በደረቅ ጨርቅ እንወለውል የነበረው አቧራውን ይበልጥ ወደ ቦዩ ለመጠቅጠቅ ነበር ማለት ነው።

ታጥቦ ሲደርቅ ለውጡን ለማወቅ የሠለጠነ ጆሮ አያስፈልግም። ፈንዲሻው ከሞላ ጎደል ጠፋ። ከበሮው የት እንዳለ፣ ኦርጋኑ የት እንዳለ ተለየ። ሁሉም ግን አልዳኑም። አስቀድማችሁ የምትለዩበት መንገድ አለ፦ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው፣ ይታጠባል። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ወይም ሳክስፎኑ ሲጮህ ብቻ የሚሻክር ከሆነ ግን መርፌ የፋቀው ነው። ያ አይመለስም። ድሮ መርፌው እንዳይዘል የማጫወቻው ክንድ ላይ ሳንቲም እየለጠፍን ነበር የምናጫውተው፤ ከእኔ ሸክላዎች ሩብ ያህሉ የዚያን ጠባሳ ይዘዋል።

ስለ ውሃው ልናገር። የእኛ ሰፈር ውሃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የሚመጣው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ያው ቅርፊት ሸክላው መስመር ውስጥም ይቀራል። ስለዚህ የማጥበው በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ ብቻ ነው፣ ከላቦራቶሪ ዕቃ መሸጫ ነው የምገዛው። ሁለተኛው ነገር ሳሙናው ነው። መጀመሪያ ላይ ይበልጥ ይጸዳል ብዬ ከመመሪያው በላይ ጨምሬ ነበር። በሚቀጥለው ቀን መርፌዋ ጫፍ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ አገኘሁ። ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ነው። አሁን ሳሙናውን ከመመሪያው ትንሽ አሳንሼ እጨምራለሁ፣ ከታጠበ በኋላም በሌላ ጎድጓዳ ሳህን ንጹህ ዲስቲልድ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ገንዳው ራሱ የማለቅለቂያ ክፍል ስለሌለው ትልቁ ጉድለቱ ይሄ ነው እላለሁ።

ማድረቁ ቀላል ነው። በማይክሮፋይበር ጨርቅ መታ መታ አድርጎ የሰሃን መደርደሪያ ላይ ማቆም። ፀሐይ ላይ ግን በፍጹም፣ ይጣመማል። የታጠበውን መልሳችሁ አሮጌው ወረቀት ውስጥ አትክተቱት፣ አቧራው እዚያም አለ። ባለ 78 ዙር ጥንታዊ ሸክላ ካላችሁ ደግሞ አልኮል ያለበት ፈሳሽ አታስነኩት፣ ያሟሟዋል።

መርፌዋም ጽዳት ትፈልጋለች። የእኔ ኦዲዮ ቴክኒካ የሚሠራት ቪኤም95ኢ የምትባለው ናት፣ በ2 ግራም ክብደት ነው የምትጫነው። ከእያንዳንዱ ሸክላ በኋላ በደረቅ ትንሽ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት፣ ሸክላው በሚሄድበት አቅጣጫ አንድ ሁለቴ እጠርጋታለሁ። ወደ ጎን ወይም ከፊት ወደ ኋላ ከተጠረገች ልትሰበር ትችላለች። ጣት ደግሞ አይነካትም፣ ቅባት አለው። በሳምንት አንድ ጊዜ ከነጩ የሜላሚን ስፖንጅ (የዕቃ እድፍ ማስለቀቂያው) ትንሽ ቆርጬ በቆመው ማጫወቻ ላይ አስቀምጥና በማንሻው ቀስ ብዬ መርፌዋን አወርዳለሁ፣ አነሳለሁ። ሦስቴ ይበቃል። ሳትጎተት፣ ቀጥ ብላ ወርዳ ቀጥ ብላ ትነሳ። የስልክ ካሜራ አስጠግቼ ሳነሳት ከሸክላው የወጣው ጥቁር ነገር ስፖንጁ ላይ ሦስት ነጥብ ሆኖ ይታያል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አባዬ አንዳንድ ሸክላ ሲገዛ መሃሉ ያለው ወረቀት ላይ ቀኑን በቀለም ብዕር ይጽፍ ነበር። ትንንሾቹ ሸክላዎች ላይ ከወረቀቱ እስከ ጠርዙ ያለው አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ገንዳው ሲሞላ ውሃው ወረቀቱን ሊነካ ይደርሳል፣ ሲሽከረከር ደግሞ ጠብ ጠብ ይልበታል። ሦስተኛዋን ሸክላ ሳወጣ «ጥር 1965» የሚለው የእጅ ጽሑፍ ሰማያዊ ውሃ ሆኖ ወርዶ ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዘፈኑን ሌላ ቦታ አገኘዋለሁ፣ ያንን የእጅ ጽሑፍ ግን የትም አላገኘውም። 45 የምታጥቡ ሰዎች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ወረቀቱን እዩ፣ ውሃውንም ገንዳው ላይ ካለው የመሙያ ምልክት ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉ።

ጽሑፍ ያለባቸውን አሥራ አንድ ሸክላዎች ለብቻ ለይቼ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ስጠርጋቸው ቆየሁ። ባለፈው ወር ከሁለት የፕላስቲክ ክዳንና ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ወረቀቱን ግራና ቀኝ አጥብቆ የሚሸፍን ነገር ሠራሁ። በቀለም የጻፍኩበት የማይረባ ሸክላ ላይ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ጠብታ አልገባም። ቅዳሜ ዕለት ከአሥራ አንዱ አንዷን አጠብኩ። ሽፋኑን ስፈታ «የካቲት 1965» ደርቆ፣ እንዳለ ነበር።