ጆሮን ለማሠልጠን፦ ሶልፌጅ ወይስ ኢርማስተር?

ሁለቱም የሙዚቃ ድምፆችን በጆሮ መለየት የሚያለማምዱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ናቸው።

ዋጋ፦ ሶልፌጅ (ሙሉ ስሙ ግኑ ሶልፌጅ) ነጻ ነው። የኢርማስተር ሙሉ ቅጂ የሚከፈልበት ስለሆነ ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ የሌለው ይቸገራል።

አጠቃቀም፦ ኢርማስተር ከቀላል ወደ ከባድ እየመራ ያስተምራል፤ በማይክሮፎን የዘፈኑትንም ያርማል። በድሬዳዋ የቀን ሙቀት ግን የቬንቲሌተሩ ድምፅ ማይኩ ውስጥ ይገባና ውጤቱን ያበላሻል። ማለዳ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ መለማመድ ይሻላል። ሶልፌጅ ሲጠቀሙ ለጥያቄው መልስ ከመስጠትዎ በፊት ድምፁን ራስዎ ያዚሙት፤ ዝም ብሎ መገመት ጆሮ አያሠለጥንም።

ቅኝት፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የሶልፌጅ ትምህርቶች የጽሑፍ ፋይሎች ስለሆኑ የራሳችንን ቅኝቶች መጨመር ይቻላል።
አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል።
አንቺ ሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ።
የመጀመሪያዎቹ 3 ድምፆች አንድ ናቸው፤ ስለዚህ 4ኛውን ማደን ነው። መነሻው ሁሌ ዶ ከሆነ ጆሮ በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ትቶ ድምፁን ይሸመድዳል፤ መነሻውን ይቀያይሩ። ኮምፒውተሩ ኦክታቭን (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት) በ12 እኩል ስለሚከፍልና የቅኝት ድምፆች ሁሌ በዚህ ልክ ስለማይገኙ በማሲንቆም ማመሳከር ግድ ነው።

መምህር ለሌለው ጀማሪና መዝፈን ለሚፈልግ ኢርማስተር ይስማማል። ኖታ ለሚያውቅና ቅኝት መለየት ለሚፈልግ ሶልፌጅ።