ሀዋሳ ላይ የጥርሴን ሥር ያሳጠብኩባቸው ሁለት ክሊኒኮች

አሞራ ገደል ዓሣ እየበላሁ መንጋጋዬን ቀስፎ ያዘኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ርካሽ ነው። ግን የሥሩን ውስጥ በእጅ ፋይል (መርፌ በመሰለች ቀጭን መፋቂያ) ፍቆ በጨው ውሃ ብቻ አጠበው፤ የጨው ውሃ ደግሞ ፍርፋሪ ያወጣ እንደሆን እንጂ ጀርም አይገድል፣ የሞተ ነርቭም አያሟሟም። በ3 ወሩ አበጠብኝ።

ሁለተኛው ቤት ጥርሴን መጀመሪያ በስስ ላስቲክ ከለለው። የሚያጥበው በሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነዋ! ያው የበረኪናው ንጥረ ነገር ነው፣ ጉሮሮ እንዲገባ ማን ይፈልጋል? ፋይሉ የማይደርስባቸው ቀጫጭን ስርጓጉጦች ጋ እንዲደርስ ፈሳሹን በአልትራሳውንድ ንዝረት አናወጠው፣ ፋይሉ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ብናኝ ደግሞ ኢዲቲኤ በሚባል ሌላ ማጠቢያ ፈሳሽ አነሳ። ዋጋው እጥፍ ነው፣ ወረፋውም ያማርራል። አሁን ግን በዚያው ጥርስ ቆሎ እቆረጥማለሁ።