«ለአሮጌ ሞተር» የሚባለውን ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት የጋሎኑን ጀርባ አንብቡ

በየዘይት መቀየሪያው አንድ «ፓኬጅ» እየተሸጠ ነው። ኪሎ ሜትራችሁ 200 ሺህ ማለፉን ሲያዩ «ለዚህ ሞተር ልዩ አለን» ይሏችኋል። ባለ 50 ወፍራም ዘይት፣ ዘይቱ ከመለቀቁ በፊት የሚጨመር የሞተር ማጠቢያ፣ በመጨረሻም ከላይ የሚደፋ «የሞተር ዶክተር»። ሦስቱን አንድ ላይ ለሚገዛ ቅናሽ አለ። እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ብር አታውጡ።

የአጎቴ ልጅ ቪትዝ አለው፤ በሜትር ታክሲ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርባት መኪና ናት። ትንሽ ዘይት መብላት ከመጀመሯ በቀር ጤነኛ ነበረች። ፓኬጁን ገዛ። ማጠቢያው ተጨምሮ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ሠራ፣ አሮጌው ዘይት ተለቀቀ፣ ወፍራሙ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ትራፊክ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ትል ጀመር። ደግነቱ ወዲያው ሞተሩን አጥፍቶ መካኒክ ጠራ። የዘይቱ ገንዳ ከሥር ሲፈታ፣ ፓምፑ ዘይት የሚስብባት ወንፊት በጥቁር ዝቃጭ ተደፍና አገኘናት፤ በጣት ሲነኩት እንደ ሬንጅ ይለጠጣል። ለዓመታት በሞተሩ ውስጥ ተጋግሮ የኖረውን ዝቃጭ ማጠቢያው ፈንቅሎ ወንፊቷ ላይ ከምሮታል። ወፍራሙ ዘይት ደግሞ በተረፈችው ቀዳዳ ማለፍ አቃተው። ብሮንዚኑ (ክራንኩ የሚዞርበት ለስላሳ ብረት) ሳይበላ ስለተደረሰበት ሞተር ከማውረድ ለጥቂት ተረፈ። ሻጩ ጋ ሲመለስ የተነገረው «መኪናህ አርጅታ ነው» የሚል ብቻ ነው፤ ደረሰኝም አልነበረውም።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እጃችን ላይ ያለውን ሞተር ማቆየት ግዴታ ሆኖብናል። ኮድ 2 የያዘ ሁሉ የሞተር ዕድሜ ያስጨንቀዋል፤ ይህ ሽያጭም የቆመው በዚህ ጭንቀት ላይ ነው።

ሻጩ «ወፍራም ነው፣ ጋሼ፣ እዩት» ብሎ ዘይቱን በሁለት ጣቱ መሃል እያሸ ያሳያችኋል። በብርድ በጣት የሚታየው ውፍረት፣ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም። ጋሎኑ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ሁለተኛው ነው ይህን የሚነግራችሁ፤ 30፣ 40 ወይም 50 የሚባለው ዘይቱ ሲግል የሚኖረው ውፍረት ነው። ከደብሊው (W) ፊደል በፊት ያለው ቁጥር የብርዱ ነው። ባለ 20 ደብሊው ዘይት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ፣ ባለ 5 ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ብትበርድም እዚያ አትደርስም። ስለዚህ በብርድ ሰበብ ባለ 0 ደብሊው ካልገዛችሁ የሚላችሁም ገንዘባችሁን እየፈለገ ነው።

እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ፊደሎቹን እዩ እላለሁ። ጀርባው ላይ ኤፒአይ (API) ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ፊደል አለ። በኤስ (S) የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ (C) የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ለቤንዚን ሁለተኛው ፊደል ወደ ኋለኞቹ በሄደ ቁጥር ዘይቱ አዲስ ደረጃ ነው፤ ኤስኤል እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኤስኤም በ2004፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 የወጡ ናቸው። አዲሱ ደረጃ አሮጌውን ይተካል፣ አሮጌው ግን አዲሱን አይተካም። ደረጃውን የሚያወጣው የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም ራሱ ኤስኤፍ የተባለው ዘይት እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች፣ ኤስጂ ደግሞ ከ1993 በኋላ ለተሠሩት እንደማይስማማ ጽፎ አስጠንቅቋል። ኤስኤ የሚባለው ምንም የተጨመረ መከላከያ የለውም፤ እ.ኤ.አ. ከ1930 ወዲህ ላለ ሞተር አይሆንም።

አሁን «ለአሮጌ መኪና» የሚለውን ጋሎን ገልብጡና እዩ። ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ ካገኛችሁ፣ ወይም ጭራሽ ፊደል ከሌለው፣ ትቶ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተሠራች ቪትዝ ለእኛ አሮጌ ናት፤ ያ ዘይት ከተሠራላቸው ሞተሮች ግን በብዙ ዓመት አዲስ ናት። «መኪናህ አሮጌ ስለሆነች አሮጌ ዘይት ይስማማታል» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው አሳምኗል፣ ነገር ግን ፍጹም ሐሰት ነው። ያረጀ ሞተር ቆሻሻ አቅፎ የሚይዝና ብረት ከብረት እንዳይፋጭ የሚከላከል ዘይት ከአዲሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል።

ባለ ዲኤክሶች በአንድ ነገር ትለያላችሁ። የድሮው ኮሮላ ሞተር አሠራር በቂ ዚንክና ፎስፎረስ ያለው ዘይት ይወዳል፤ በአዲሶቹ ቀጫጭን ዘይቶች ደግሞ የጭስ ማጣሪያውን እንዳይጎዳ ፎስፎረሱ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ገደቡ እንደ 5 ደብሊው 30 ያሉትን እንጂ 15 ደብሊው 40ንና 20 ደብሊው 50ን አይመለከትም። ስለዚህ ለዲኤክስ 20 ደብሊው 50 መጥፎ ምርጫ አይደለም፣ አዋሽና ድሬዳዋ ለሚመላለስማ ይመከራል፤ ፊደሉ ኤስኤል ወይም ከዚያ ወዲህ ይሁን እንጂ። ቪቪቲ-አይ (የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክል አሠራር) ያላቸው ቪትዝና ኮሮላዎች ግን በጠባብ የዘይት መንገድና በትናንሽ ወንፊት የሚሠራ ክፍል አላቸው። ለእነሱ ማንዋሉ ከሚፈቅደው መውጣት አያስፈልግም፤ ዘይት መብላት ከጀመሩ ከ5 ደብሊው 30 ወደ 10 ደብሊው 40 ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ወፍራም ዘይት ሕመሙን አያድንም፤ ጢሱን ለጊዜው ይቀንሳል። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ሰማያዊ ጢስ የሚወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎማዎች ደርቀዋል። ነዳጅ ሲሰጡት የሚጨስ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። በኮሮላዎች ላይ የሚገኘው 1ዜድዜድ የተባለው ሞተር፣ በተለይ እ.ኤ.አ. እስከ 2002 አካባቢ የተሠራው፣ ከፒስተኑ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ሆነው በካርቦን ስለሚደፈኑ ዘይት እንደሚበላ የታወቀ ነው። ባለ 50 ብትጨምሩበትም ቀዳዳው አይከፈትም።

«ዶክተር» የሚሉትም ያው ማወፈሪያ ነው። እንደውም ያገለገለ መኪና ስትገዙ ጢስ የሌለው ሞተር ሁሉ ጤነኛ አይምሰላችሁ፤ ከመሸጡ በፊት ይህ ተደፍቶበት ሊሆን ይችላል። ለሞተር ተአምር እንሠራለን የሚሉ ጭማሪዎች በአሜሪካም ተከሰዋል። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ስሊክ 50 የተባለውን ማስታወቂያው ማስረጃ የለውም ብሎ ከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ጉዳዩ በስምምነት ሲዘጋ ኩባንያው ማስረጃ የሌለውን ነገር ላይናገር ተስማምቷል። የዘይት ማገጃ ጎማዎቹ ትንሽ ትንሽ ለሚያንጠባጥቡ «ሀይ ማይሌጅ» የተጻፈበትን ዘይት መግዛት ይሻላል፤ ከ75 ሺህ ማይል፣ ማለትም ከ120 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ለሄዱ ሞተሮች የተሰናዳ ነው፤ ጎማውን የሚያለሰልስ ነገር አለበት። የተቀደደ ጎማ ግን አይጠግንም።

ከበርሜል ተቀድቶ በሊትር የሚሸጠውን ጨርሶ እለፉት። ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቀዳው ሰው ብቻ ነው። የታሸገውም ቢሆን የቆርኪው ቀለበት አለመሰበሩን፣ ከሥሩ ያለው ፎይል በትክክል መጣበቁን፣ ጋሎኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን እዩ። የተቃጠለ ዘይት ተጣርቶ፣ ከለሩ ተስተካክሎ በታወቀ ስም ጋሎን ተመልሶ ይሸጣል። ዘይት ካስቀየራችሁ በኋላ ባዶውን ጋሎን በሚስማር ወይም በቢላ ቀዳዱት፤ እዚያው ጥላችሁት አትሂዱ።

«ይሄኛው ቶሎ አይጠቁርም» የሚለውንም አትስሙ። በቆሻሻ ሞተር ውስጥ ቶሎ የሚጠቁር ዘይት ቆሻሻውን እያነሣ ነው። ዝቃጭ የበዛበትን ሞተር ማጽዳት ከፈለጋችሁ በጥሩ ዘይት ሞልታችሁ ከወትሮው ቀደም ብላችሁ ቀይሩ፣ ፊልትሮውንም በየጊዜው አብራችሁ ቀይሩ። ቀስ ብሎ ይጠራል፣ ወንፊቷም አትደፈንም።

ቶዮታ በማንዋሎቹ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር መብላትን እንደ ወሰን ይጠቅሳል። ከዚያ በታች ከሆነ ሞተር ለማውረድ አትቸኩሉ። በየሳምንቱ ጠዋት፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ ሞተሩ ሳይነሣ፣ መለኪያውን አውጥታችሁ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ከትታችሁ እዩ፣ የጎደለውን ያንኑ ዓይነት ዘይት ጨምሩ። ለዚህ የምትሆን አንዲት ሊትር ከኋላ ኮፈን ውስጥ ይኑራችሁ። ስትገዙ ደግሞ የዘይቱ ስም፣ ቁጥሩና ፊደሉ የተጻፈበት ደረሰኝ ጠይቁ፤ አልሰጥም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።