ብረት ከማንሳታችሁ በፊት አንብቡ የሚለው ኮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጂም አሁን ብርቅ አይደለም። ብርቁ የሚነበብ ነገር የሚሰጥ አሰልጣኝ ነው። እኔን ጂም ውስጥ የሚያሠራኝ ኮች በየወሩ ለደንበኞቹ ሁለት ነገር ያድላል። አንዱ ከስፖርት ሳይንስ ጽሑፎች መርጦ በአማርኛ ያሳጠረው ንባብ ነው። ሌላው ደግሞ በስፖርቱ ንግድ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ የሚያወራ የዜና ወረቀት ነው። ሁለቱም በስቴፕለር የተመቱ ናቸው፣ ፎቶ ኮፒው አንዳንዴ ግማሹ ደብዝዞ ይመጣል። ስለ ብረቱና ስለ ሻወሩም ትንሽ እላለሁ፣ ዋናው ጉዳዬ ግን ወረቀቶቹ ናቸው።

ባጭሩ ንባቡ ከምንከፍለው በላይ ያወጣል። ዜናው እንደ ነገሩ ነው።

በንባቡ ያሳመነኝ ስለ አውቶቡስ የሚያወራው ገጽ ነው። ጄሪ ሞሪስ የሚባል የብሪታኒያ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት ነው። የለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አወዳደሩ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ይውላል። ትኬት ቆራጩ ግን በሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 የሚደርስ ደረጃ ይወጣል። ኑሯቸው ተቀራራቢ ነው፣ የልብ ሕመሙ ግን በትኬት ቆራጮቹ ላይ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይኼን ለመረዳት እኛ ዘንድ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። በደሴ መስመር የተጓዘ ሰው ሾፌሩንም ረዳቱንም ያውቃቸዋል፤ አንዱ መሪ ይዞ ተቀምጧል፣ ሌላው ጣሪያ ላይ ዕቃ ሲጭን፣ ሲያወርድ፣ ሂሳብ ሲሰበስብ፣ በሩ ላይ ሲንጠላጠል ይመሻል። ኮቹ ከገጹ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ «አንተስ የትኛው ነህ?» ብሎ ጽፎበታል። እኔ ቢሮ ነው የምውለው፣ ዝም አልኩ።

የንባቡ ጉልበት እነዚህ የቀይ እስክሪብቶ ማስታወሻዎች ናቸው። ጽሑፉን ማሳጠር ማንም ይችላል። ከኛ ኑሮ ጋር ማገናኘቱ ነው ሥራው።

«ሦስት በአስር» የሚባለውን ውሰዱ። የትኛውም ጂም ብትገቡ ሦስት ሴት (ዙር ማለት ነው)፣ በየሴቱ አስር ጊዜ ሥሩ ትባላላችሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚነግራችሁ የለም። ወረቀቱ ከየት እንደመጣ ይነግራችኋል። ቶማስ ዴሎርም የሚባል የአሜሪካ ጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጎዱ ወታደሮችን በብረት ማሠራት ጀመረ። የዛሬው ሦስት በአስር ከዚያ የመጣ ነው። ዋናው ነገር ግን ክብደቱ በየሴቱ እየጨመረ መሄዱ ነበር። አስር ጊዜ ማንሳት የምትችሉት ትልቁ ክብደት 40 ኪሎ ነው እንበል። የመጀመሪያውን ሴት በ20፣ ሁለተኛውን በ30፣ ሦስተኛውን በ40 ትሠራላችሁ። አርባው ሲቀላችሁ ትጨምራላችሁ። እኛ ጋ ስንቱ ነው ዓመት ሙሉ ያንኑ ብረት ሦስት በአስር እያነሳ «አልለወጥ አልኩ» የሚለው! ቁጥሩ ተሸምድዶ ቁም ነገሩ መንገድ ላይ ቀርቷል።

የፕሮቲኑ ገጽ ግን ያከራክራል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታኒያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የወጣ፣ 49 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ነው። ብረት ለሚያነሳ ሰው በቀን በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ከበላ፣ ከዚያ በላይ መጨመሩ ጡንቻ ላይ ብዙም ለውጥ አያመጣም ይላል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን የሚከተሉ የምግብ ዝርዝሮች የዶሮ ደረት፣ እንቁላል፣ እርጎ ይደረድራሉ። ሁዳዴ 55 ቀን ለሚጾም፣ ከዚያ ውጪም ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ይኼ ምን ያደርጋል? ኮቹ ዶሮውን በእስክሪብቶ ሰርዞ ባቄላ፣ ምስር፣ ለውዝ ብሎ ጽፏል። ከጎናቸውም 100 ግራም ደረቁ 25 ግራም አካባቢ ፕሮቲን እንደሚሰጥ አስቀምጧል። ልክ ነው። ቁጥሩን ሳሰላው ግን 112ቱን በጥራጥሬ ብቻ ለመሙላት በቀን ወደ 450 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ያስፈልጋል። ያን ያህል ባቄላ በልቶ ስኳት (ቁጭ ብድግ) የሚሠራ ሰው አጠገብ መቆም አልፈልግም። ጤፉና ገብሱም እኮ ፕሮቲን አላቸው፤ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ከ10 ግራም በላይ ይሰጣል። እንጀራውን ቢቆጥርልን ኖሮ ሒሳቡ ይቀል ነበር። ይኼን ነገርኩት። «እውነትህን ነው፣ በሚቀጥለው አስተካክላለሁ» አለኝ። እስካሁን አላስተካከለም።

ከሁሉም ለደብረ ብርሃን ሰው የሚጠቅመው ስለ ከፍታ የጻፈው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ያው ነው፤ ግፊቱ ስለሚቀንስ ግን በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 70 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ዝቅ ባለ አገር ተቀምጦ የተጻፈ የሩጫ ፕሮግራም እንዳለ እዚህ ሲመጣ ሰው ይገድላል። በተለይ ከቆላው ከሸዋ ሮቢት የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልቡ ሲመታ ይደነግጣል። የኮቹ ምክር ቀላል ነው፦ ትሬድሚሉ (የመሮጫ ማሽኑ) ላይ ያለውን ቁጥር ተውት፣ እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ካቃታችሁ ቀንሱ። ኖረው የለመዱትማ ምን እንደሚሆኑ የጫጫዋ ጌጤ ዋሚ አሳይታናለች፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሴቪል ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ወስዳለች። የገረመኝ ኮቹ ስሟን አንድ ቦታ እንኳ አለማንሳቱ ነው። እዚሁ አፍንጫችን ሥር!

ወደ ዜናው ልምጣ። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። ጎልድስ ጂም የሚባለው የአሜሪካ ጂም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ኪሳራ እንዳወጀ፣ ቤት ውስጥ የሚነዳ ብስክሌት የሚሸጠው ፔሎተን ሠራተኛ እንደቀነሰ፣ የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በየዓመቱ በሚያወጣው የአዝማሚያ ዝርዝር ላይ የእጅ ሰዓት መሰል መለኪያዎች አንደኛ እንደወጡ እናነባለን። እሺ፣ ይሁን። ለእኔ ግን ምኔ ነው? ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፣ በየከተማው ማስ ስፖርት አለ፣ ስለ ሁለቱም አንድ መስመር የለም። የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ራስ ያዞራል። አንዱን ዜና በእኛ፣ ሌላውን በፈረንጆች ጽፎ ምልክት አያደርግበትም፤ «በ2017» ሲል የዛሬ ስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቃችሁ ነው የምትረዱት።

ሁለት ዜናዎቹ ግን ብራቮ የሚያሰኙ ነበሩ። አንዱ ስለ ማክሲያ መርፌው፣ ስለ ሴማግሉታይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ ለክብደት መቀነሻ ተፈቅዷል፣ ክብደትም ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ስብ ብቻ ሳይሆን ከጡንቻውም ጭምር ነው፤ ስለዚህ መርፌውን ሐኪም ያዘዘለት ሰው ብረቱን ይተው ማለት አይደለም፣ ይልቁንስ ያጥብቅ ይላል። ሌላው ጡንቻ ያሳድጋሉ ተብለው ስለሚሸጡት የማሟያ ዱቄቶች ነው። እዚህ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ትልቁን ቆርቆሮ አንስቶ «ይኼ የአሜሪካ መንግሥት ያጸደቀው ነው» ብሎኛል። ወረቀቱ እንደሚለው ግን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ መሠረት እንዲህ ዓይነት ማሟያዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የመንግሥት ማጽደቂያ አያስፈልጋቸውም። ታዲያ ማን አጸደቀው? ከዱቄቶቹ አንዱን፣ ክሪያቲንን እንኳ ከፈለጋችሁ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል፣ ሞኖሃይድሬት የሚባለው ተራው ዓይነት ከውዱ አያንስም። ሻጩ ይኼን አይነግራችሁም።

አሁን ስለ ራሱ አገልግሎት። ሰውየው ትዕግሥት አለው። ጡረታ የወጡ አንድ አባት ብረት ሲያነሱ ትንፋሻቸውን አፍነው ፊታቸው ቀላ። ሮጦ ሄዶ «ጋሼ፣ ሲያነሱ ይተንፍሱ፣ አይያዙት፣ ግፊትዎ ይጨምራል» አላቸው። ብረቱን ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ በባዶ እጅ ተነፍሶ አሳያቸው። እሳቸውም «አንተ ልጅ፣ ገና አልሞትኩም» አሉና ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን ሲያነሱ ትንፋሻቸው እስከ በሩ ይሰማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማሟሟቂያው ይረዝማል፣ ሳይሞቃችሁ ብረት አያስነካም። ጋቢ ለብሶ ስኳት የጀመረ ሰው አይቻለሁ፣ ማንም አልሳቀበትም። ሻወሩ ሙቅ ነው ይላሉ፣ እኔ ገና አልደረሰኝም። መስታወቱ ብዙ ነው፣ ዱምቤሉ ጥቂት፣ ማታ ማታ ወረፋ አለ። ክፍያው ከሌሎቹ ትንሽ ይበልጣል፤ ጡንቻ ብቻ ከፈለጋችሁ ረከስ ያለ ታገኛላችሁ።

ቦርጭ በሲት አፕ ብቻ ይጠፋል ብላችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ግን እንዳትጣሉት። እሱ ላይ የጻፈው ገጽ አለ፣ መጀመሪያ ያንን ይሰጣችኋል፣ አንብባችሁ ካልመጣችሁ ደግሞ ይጠይቃችኋል። ደንበኛው ካልሆናችሁም የበፊቶቹን ወረቀቶች ጠይቁት፣ የፎቶ ኮፒውን ዋጋ ብቻ ነው የሚቀበለው። በቀይ የተጻፈበትን ቅጂ ስጠን በሉት። ንጹሑን ብትወስዱ ግማሹን ነው ያገኛችሁት።