«ፈቃድ አያስፈልግም» የሚል የቤት ማስፋፊያ ውል ከመፈረማችሁ በፊት

እንግሊዝ አገር ቤት ገዝታችሁ አንድ ክፍል ለመጨመር ወይም ወጥ ቤቱን ወደ ጓሮ ለማውጣት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በየበሩ የሚዞረው ውል ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «የኋላውን እናወጣላችኋለን፤ ሥዕሉም ግንባታውም በአንድ ዋጋ። ፕላኒንግ ፐርሚሽን (የካውንስሉ የግንባታ ፈቃድ) አያስፈልግም፤ ካስፈለገም ማስፈቀዱ በእኛ ዋስትና ነው። በዚህ ሳምንት 40 በመቶ ቀብድ ለከፈለ ቅናሽ አለ።» አትፈርሙ። ካውንስሉ አንድ ቀን «አፍርሱ» የሚል ትእዛዝ ሲያወጣ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። ግንበኛው ያን ጊዜ ስልኩን ላያነሳ ይችላል፤ ኩባንያውም ተዘግቶ በሌላ ስም ተከፍቶ ሊሆን ይችላል።

«አያስፈልግም» የሚለው ነገር አታላይ የሆነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። በእንግሊዝ (ስኮትላንድና ዌልስ ሌላ ሕግ አላቸው) ፐርሚትድ ዲቨሎፕመንት የሚባል መብት አለ። በዚህ መብት ፎቅ የሌለው የኋላ ማስፋፊያ ያለ ማመልከቻ መሥራት ይቻላል፤ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋራ ቤት እስከ 3 ሜትር፣ ብቻውን ለቆመ ቤት እስከ 4 ሜትር። ቁመቱ ከ4 ሜትር አይበልጥም፤ ከአጥሩ በ2 ሜትር ውስጥ ከሆነ ደግሞ የጣሪያው ከንፈር ከ3 ሜትር ማለፍ የለበትም። ማስፋፊያውና በጓሮ ያሉት ሼዶች ተደምረው፣ ዋናው ቤት ካረፈበት ውጭ ካለው መሬት ከግማሽ በላይ መሸፈን የለባቸውም። ሻጩ የሚነግራችሁ 3 ሜትሯን ብቻ ነው። ሰው የሚወድቀው በቀሩት ላይ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ይህ መብት ያለው ለቤት ነው፤ ለፍላት የለም። አንድ ትልቅ ቤት ለሁለት ተከፍሎ የምድሩን ፎቅ ከነጓሮው የገዛ ሰው፣ የራሱ በርና የራሱ አትክልት ቦታ ቢኖረውም፣ በፕላኒንግ ዓይን ያለው ፍላት ነው። ለግማሽ ሜትር ማስፋፊያም ሙሉ ማመልከቻ ያስገባል፤ በዚያ ላይ ሊዝ ስለሆነ ከፍሪሆልደሩ (ከመሬቱና ከሕንፃው ባለቤት) የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ግንበኛው ከመንገድ ላይ ቆሞ ሲያየው ግን ቤት ነው የሚመስለው።

ሁለተኛው የመለኪያው መነሻ ነው። 3 ሜትሩ የሚቆጠረው ዛሬ ከምታዩት የኋላ ግድግዳ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቤት ግድግዳ ነው፤ ማለትም ቤቱ ሲሠራ ከነበረው፣ ከ1 ጁላይ 1948 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ በዚያ ቀን ከነበረው። የቀድሞ ባለቤት በ1980ዎቹ 2 ሜትር ካወጣ የቀራችሁ 1 ሜትር ብቻ ነው።

የለንደን የቪክቶሪያ ዘመን ተያያዥ ቤቶች ደግሞ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። አብዛኞቹ ከኋላ ጠበብ ብሎ የወጣ የወጥ ቤት ክንፍና በጎኑ እስከ አጥሩ የሚሄድ ቀጭን መተላለፊያ አላቸው። ሻጩ «መተላለፊያውንም እንዘጋለን፣ ከክንፉ ኋላም እንጨምራለን፣ ሁሉም አንድ ሰፊ ሳሎን ይሆናል» ይላል። ሥዕሉ ያምራል፤ ፈቃድ የማይፈልግ ግን አይደለም። ከጎን ግድግዳ አልፎ የሚሠራ ማስፋፊያ ስፋቱ ከመጀመሪያው ቤት ስፋት ከግማሽ መብለጥ የለበትም፤ የጎኑና የኋላው ሲገናኙ ደግሞ የሚለካው ድምሩ ነው። በኤል ቅርጽ የሚዞር ማስፋፊያ በተግባር ሁልጊዜ ማመልከቻ ይፈልጋል። «ያው ሦስት ሜትር ነው» የሚል ሰው ወይ ደንቡን አያውቅም ወይ እናንተ አታውቁም ብሎ ገምቷል።

6 ሜትርም ይነገራችኋል። እሱም አለ፤ ለተያያዘ ቤት እስከ 6፣ ብቻውን ለቆመ እስከ 8 ሜትር። ግን መጀመሪያ ለካውንስሉ ፕራየር አፕሩቫል (የቅድሚያ ስምምነት ጥያቄ) ማስገባት ግድ ነው፤ ካውንስሉ ለአዋሳኝ ጎረቤቶች ይጽፋል፣ የሚወስነውም በ42 ቀን ውስጥ ነው። በጥበቃ ክልል ውስጥ ላለ ቤት ይህ መንገድ ዝግ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መልሱ ሳይመጣ መሠረት ከተቆፈረ መብቱ ይጠፋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አይጠየቅም። «ጊዜ እንዳይባክን ቁፋሮውን እንጀምር» የሚለው ቸርነት የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

በመንገዳችሁ ላይ አርቲክል 4 የሚባል ድንጋጌ ወጥቶ እንደሆነም አጣሩ፤ ካውንስሉ በተወሰኑ ሰፈሮች መብቱን የሚያነሳበት ነው። አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ፈቃድ ግርጌ «ፐርሚትድ ዲቨሎፕመንት ተነስቷል» የሚል ሁኔታ ይገኛል። ሁለቱም በካውንስሉ ድረ ገጽ በነፃ ይታያሉ። «ጎረቤትህ ሠርቶ የለም እንዴ?» ለሚለው መልስም እዚያው አለ፤ የጎረቤታችሁን አድራሻ በፕላኒንግ መዝገቡ ውስጥ አስገቡና እዩ። ምናልባት አመልክቶ ተፈቅዶለት ይሆናል። ምናልባትም ምንም ሳይኖረው እስካሁን አልተነቃበትም።

ብዙ ወገኖቻችን የገዙት የቀድሞ የካውንስል ቤት ስለሆነ ይህ ለብቻው ይነገር። በራይት ቱ ባይ (የካውንስል ተከራይ የሚኖርበትን ቤት በሚገዛበት መብት) የተሸጠ ቤት የዝውውር ሰነዱ ውስጥ ብዙ ጊዜ «ያለ ካውንስሉ የጽሑፍ ፈቃድ ለውጥ አይደረግም» የሚል ግዴታ አለ። ይህ ከፕላኒንግ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ካውንስሉ እንደ ቀድሞ ባለቤት የሚሰጠው ሌላ ፈቃድ ነው፤ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ክፍያ። የፕላኒንግ ወረቀት ይዞ ይህን ያልጠየቀ ሰው ቤቱን ሲሸጥ የገዢው ሶሊሲተር ያስታውሰዋል።

ታዲያ በእርግጥ ካላስፈለገ? ያን ጊዜም ወረቀት አለው፤ ላውፉል ዲቨሎፕመንት ሰርቲፊኬት ይባላል። ካውንስሉ ሥዕሉን አይቶ «ይህ ፈቃድ አይፈልግም» ብሎ በጽሑፍ የሚሰጠው ነው። ለታቀደ ሥራ ዋጋው የመደበኛው ማመልከቻ ግማሽ ነው። መደበኛው በኤፕሪል 2025 ከ258 ወደ 528 ፓውንድ ሲያድግ፣ ሰርቲፊኬቱ 264 ሆኖ ነበር፤ ክፍያው በየኤፕሪሉ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲስተካከል ስለተደነገገ የዕለቱን ተመን ፕላኒንግ ፖርታል ላይ እዩ። ሁለቱም በ8 ሳምንት ውስጥ መልስ ሊያገኙ ይገባል። ግንበኛውን እንዲህ በሉት፦ «አያስፈልግም ካልክ ሰርቲፊኬቱን አውጣና ከዚያ እንፈርም።» ፊቱን ብቻ ማየት ይበቃል።

ማምለጫ ጊዜው ረዝሟል። ድሮ ያለ ፈቃድ የተሠራ ግንባታ 4 ዓመት ካለፈው ካውንስሉ ሊነካው አይችልም ነበር። ከ25 ኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለተጠናቀቀ ሥራ ግን 10 ዓመት ሆኗል። «አራት ዓመት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» የሚል ምክር ጊዜው ያለፈበት ነው። የማፍረሻ ትእዛዝን አለመፈጸም ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም ጣሪያ የለውም።

«ዋስትና» ወደሚለው እንምጣ። ፈቃድ የሚሰጠው ካውንስሉ ስለሆነ ማንም ተቋራጭ ሊያረጋግጠው አይችልም። «ካልተፈቀደ በነፃ ደግመን እናስገባለን» ከተባላችሁ፣ ነፃ የሚሆነው የእሱ ድካም ነው እንጂ የካውንስሉ ክፍያ አይደለም፤ ውድቅ ለሆነ ማመልከቻ ይሰጥ የነበረው ነፃ ሁለተኛ ዕድል በዲሴምበር 2023 ቀርቷል። ይግባኝ ማለት ግን ዛሬም ያለ ክፍያ ነው፤ ለቤት ማስፋፊያ ጊዜው ውሳኔው ከተሰጠ 12 ሳምንት ነው። «አርክቴክት» የሚለው መጠሪያም በ1997ቱ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ በኤአርቢ (የአርክቴክቶች መመዝገቢያ ቦርድ) መዝገብ ውስጥ ስሙ የሌለ ሰው በዚህ ስም መሥራት አይችልም። «አርኪቴክቸራል ዲዛይነር» ግን ማንም ሊባል ይችላል። ጥሩ ዲዛይነሮች ሞልተዋል፤ ቃሉን ብቻ ለይታችሁ ክፈሉ።

አሁን የአንድ ዋጋውን ውል ግለጡት። ዋጋው ዝቅ የሚለው ያልተካተተው ነገር ብዙ ስለሆነ ነው፤ ቫት፣ የብረት ምሰሶና የመሐንዲስ ስሌት፣ የቢልዲንግ ኮንትሮል (የግንባታው ደኅንነትና ጥራት ቁጥጥር) ክፍያ፣ የጎረቤት ግድግዳ ሰርቬየር፣ የፍሳሽ ፈቃድ፣ የቁፋሮ ትርፍ። ነባር ቤት ላይ የሚጨመር ክፍል 20 በመቶ ቫት አለበት፤ 65,000 ፓውንድ የተባለው ሥራ 78,000 ይሆናል ማለት ነው። «እኛ ቫት አንጨምርም» የሚል ደግሞ ዓመታዊ ገቢው ከ90,000 ፓውንድ በታች መሆን አለበት። በዓመት ሁለት ማስፋፊያ እንኳ የማይሠራ ሰው ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ቁፋሮው ላይ ቆም በሉ፤ ገንዘብ የሚፈሰው እዚያ ነውና። የለንደን ሸክላ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፤ ስለዚህ መሠረቱ ብዙ ጊዜ ቢያንስ 1 ሜትር ይወርዳል፤ ትልቅ ዛፍ በአቅራቢያው ካለ ደግሞ 2 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጠየቅ ይችላል። ውሉ «መሠረት እስከ 1 ሜትር» ካለ፣ ኢንስፔክተሩ «ውረዱ» ባለ ቁጥር ቆጣሪው በእናንተ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የትርፍ ጥልቀት ዋጋ በሜትር ኩብ፣ ቁፋሮ፣ አፈር ማስወገድና ኮንክሪት ተካትቶ፣ በቁጥር ይጻፍ።

በጓሮው ማንሆል ካለ ሌላ ጉዳይ አለ። ከኦክቶበር 2011 ወዲህ ብዙ ቤቶች የሚጋሩት የፍሳሽ መስመር የውሃ ኩባንያው ንብረት ሆኗል፤ በለንደን አብዛኛው ቴምዝ ዋተር ነው። ከቱቦው በ3 ሜትር ውስጥ ለመሥራት የኩባንያው ስምምነት ይፈለጋል፤ ማንሆሉን ወለል ሥር መቅበር ደግሞ አይፈቀድም።

ጎረቤትን በተመለከተ የ1996ቱ የፓርቲ ዎል (የጋራ ግድግዳ) ሕግ አለ። ከጎረቤት ሕንፃ በ3 ሜትር ውስጥ ከእሱ መሠረት በታች ከቆፈራችሁ 1 ወር፣ የጋራ ግድግዳውን ከነካችሁ 2 ወር አስቀድሞ ማስታወቂያ ይሰጣል። ጎረቤት በ14 ቀን ካልመለሰ ዝምታው እንደ አለመስማማት ይቆጠራል፤ ሰርቬየር ይሾማል፤ ክፍያው በተለመደው አሠራር የሚሠራው ሰው ዕዳ ነው። «በሚቀጥለው ሰኞ እንጀምራለን» የሚል ተቋራጭ ይህን ሁሉ ዘሎታል።

ቢልዲንግ ኮንትሮል ደግሞ ከፕላኒንግ የተለየ ነው፤ ፕላኒንግ ባያስፈልግም እሱ ያስፈልጋል። ኢንስፔክተሩ ቢያንስ የተቆፈረውን መሠረት ኮንክሪት ሳይፈስበት፣ የእርጥበት መከላከያውን፣ ፍሳሹን ሳይሸፈን፣ ብረቱንና የሙቀት መከላከያውን በጂፕሰም ሳይዘጋ ማየት አለበት። ካላየ፣ በኋላ «ክፈቱ» ይላል። የመስታወቱ ስፋት ከአዲሱ ክፍል ወለል 25 በመቶ ካለፈ ተጨማሪ የሙቀት ስሌት ይጠየቃል፤ ሻጩ የሚያሳያችሁ ግድግዳው ሁሉ መስታወት የሆነ ፎቶ ይህን አይነግራችሁም። የመጨረሻውን ክፍያ ከማጠናቀቂያ ሰርቲፊኬቱ ጋር እሰሩት፤ ሰርቲፊኬቱ በእጃችሁ ሳይገባ ቢያንስ 5 በመቶ አይለቀቅ።

ከሁሉ የሚሻለው ሥዕሉንና ግንባታውን በሁለት ውል መለየት ነው። ሥዕሉ ለብቻው ከሆነ ለሦስት ግንበኛ አሳይታችሁ ዋጋ ታወዳድራላችሁ፤ ጥቅል ውል ውስጥ ግን የሥዕሉ ኮፒራይት የኩባንያው ሆኖ ይቀርና ግንበኛ ልቀይር ስትሉ በእጃችሁ ምንም የለም። ስለዚህ «ከማንኛውም ግንበኛ ጋር የመጠቀም ፈቃድ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይግባ። ውሉን መለየት ሌላም ጥቅም አለው፦ በክሬዲት ካርድ ሲከፈል ሴክሽን 75 (ካርድ ሰጪውን ከሻጩ ጋር ተጠያቂ የሚያደርገው ሕግ) የሚጠብቀው ከ100 በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ዋጋ ያለውን ነገር ነው። ለ65,000 ፓውንድ ጥቅል ቀብድ በካርድ መክፈል በዚህ ሕግ አይሸፈንም፤ የ3,000 ፓውንድ ሥዕል ግን ይሸፈናል። ለግንባታው ቀብድ ከ10 በመቶ አይለፍ፤ ቀሪው ሥራው በደረሰበት ልክ፣ መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ እያለ ይከፈል።

ማመልከቻ ከገባ በኋላ ስማችሁና አድራሻችሁ በይፋ መዝገብ ላይ ይወጣል። ከዚያ በካውንስሉ ስም የመጣ የሚመስል፣ ትክክለኛውን የማመልከቻ ቁጥር የያዘና «ተጨማሪ ክፍያ በባንክ አስተላልፉ» የሚል ኢሜይል ሊደርሳችሁ ይችላል። የማመልከቻ ቁጥሩን ማንም ከመዝገቡ ያገኘዋል። አትክፈሉ፤ በካውንስሉ ድረ ገጽ ካለው ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።

የፈረማችሁ ካላችሁ፦ ውሉ ቤታችሁ ውስጥ ከተፈረመ ለመሰረዝ 14 ቀን አላችሁ፤ ይህ መብት በጽሑፍ ካልተነገራችሁ ጊዜው እስከ 12 ወር ሊራዘም ይችላል። ስረዛውን በኢሜይል ላኩ፣ በስልክ ብቻ አትተዉት። ቁፋሮ ተጀምሮ ከሆነ ሥራውን አስቁሙና ርዝመቱን ከመጀመሪያው ግድግዳ፣ ቁመቱን ከመሬት ለኩ፤ ጣሪያ ሳይመታ የ30 ሳንቲ ሜትር ትርፍ መቀነስ የቀናት ሥራ ነው። ውሉን፣ የክፍያ ማስረጃዎቹንና መልእክቶቹን ሰብስባችሁ በሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር፣ 0808 223 1133፣ ደውሉ፤ ጥሪው ነፃ ነው።